ዊንዶውስን ሳታባርሩ ሊኑክስ ሚንትን ማስገባት

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው። ዕድሜው የገፋ ግን ገና ጉልበት ያለው ላፕቶፕ ካላችሁ፣ እንጀራችሁ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ብቻ ከሚሠራ አንድ ሁለት ፕሮግራም ጋር የታሰረ ከሆነ፣ እንደ ዊንዶውስ ላፕቶፕን የሚያንቀሳቅሰውን ሊኑክስ ሚንትን ከዊንዶውሱ ጎን መጫን በጣም ያዋጣል። ነጻ ነው፣ ይሠራል፣ ለላፕቶፑም ዕድሜ ይጨምርለታል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሚንትን መጫኑ ቀላል ነው፤ ነገሩ የሚያምረውም የሚበላሸውም ሚንት ከመግባቱ በፊት ዊንዶውሱ ውስጥ በምታደርጉት ዝግጅት ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ላፕቶፑ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ለመግዛት ዞራችሁ የምታውቁ ከሆነ ይህን ሞዴል ሳታዩ አትቀሩም። 6ኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ። ኪቦርዱ ጠንካራ ነው፣ ስክሪኑ ደህና ነው፣ ቢበላሽም መለዋወጫው አይጠፋም። ለቢሮ ሥራ ምንም አይጎድለውም። ችግሩ ያለው ዊንዶውሱ ላይ ነው። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ቺፕም ይጠይቃል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የግል ተጠቃሚ ተመዝግቦ የአንድ ዓመት ተጨማሪ የደህንነት አፕዴት የሚያገኝበት መንገድ አለ፤ እሱም ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ የሚገኝ ቀዳዳ ሁሉ ሳይደፈን ይቀራል።

ታዲያ ዊንዶውሱን ለምን ጨርሶ አልተውም? በፒችትሪ ምክንያት ነው። የምሠራው የትንንሽ ነጋዴዎችን ሒሳብ ነው፤ የደንበኞቼ የዓመታት መዝገብ ያለው እዚያ ነው። ዛሬ ሴጅ 50 ቢባልም ከማሠልጠኛው እስከ ሥራ ማስታወቂያው ፒችትሪ ነው የምንለው፣ ለሊኑክስ የተሠራ ደግሞ የለውም። ቀጥሎ የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ አለ። ከመሥሪያ ቤቶች የሚመጡ የቆዩ ደብዳቤዎችና ቅጾች ብዙዎቹ ሁሉም ኮምፒውተር በሚያውቀው በዩኒኮድ የተጻፉ አይደሉም፤ በፕሮግራሙ በራሱ ፎንት ነው የተጻፉት። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ስትከፍቷቸው ፊደሉ ይጠፋና ገጹ በሙሉ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ይሆናል። ወይን በሚባለው ፕሮግራም አንዳንድ የዊንዶውስ ሶፍትዌር ሊኑክስ ላይ ማስነሳት ይቻላል፤ እኔ ግን የሰው ሒሳብ ይዤ እዚያ ላይ አልሞክርም። ኢታብስ ለሚጠቀም ሲቪል ኢንጂነር ወይም አውቶካድ ለሚጠቀም አርክቴክትም ነገሩ ያው ነው።

ስለዚህ ሥራውን ከፈልኩት። ዊንዶውስ 10 ለፒችትሪና ለፓወር ግዕዝ ብቻ ሆነ፤ ከኢንተርኔት አላቅቄዋለሁ፣ ዋይፋዩ ጠፍቷል፣ የሚስጥር ቃሉም አልተቀመጠም። ኢሜይል፣ ቴሌግራም፣ ባንክ፣ ብራውዘር፣ ከኢንተርኔት ጋር የሚነካካ ነገር ሁሉ ሚንት ላይ ነው። ዊንዶውሱ አፕዴት ባያገኝም ከውጭ የሚደርስበት መንገድ ጠበበ። ሁለት ሲስተም አብሮ መያዝ የሚያስገኘው ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይሄ ነው፤ ብዙ ሰው ግን እንደ ማሳለፊያ ሙከራ ብቻ ነው የሚያየው።

ስለ ሚንት ትንሽ። እ.ኤ.አ. በ2006 በክሌመን ለፌቭር የተጀመረ ነው፣ የተገነባው ኡቡንቱ በሚባለው ሌላ ሊኑክስ ላይ ነው። አሁን ያለው 22ኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ወጥቶ እስከ 2029 ድጋፍ አለው። ሲናሞን የሚባለው እትሙ ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው ግር አይለውም፤ ታች አሞሌ አለ፣ ግራ ጥግ ላይ ሜኑ አለ፣ መስኮት መዝጊያው ቀኝ ላይ ነው። እናቴ ዩቲዩብ ለማየት ማንንም ሳትጠይቅ ከፍታዋለች።

አሁን ወደ ዝግጅቱ።

መጀመሪያ ባክአፕ። የፓርቲሽን (ዲስኩ የተከፈለባቸውን ክፍሎች) መጠን ልትነካኩ ነው፤ የማይተካ ፋይል ሁሉ ከላፕቶፑ ውጭ በሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ መኖር አለበት። የፒችትሪ ሰዎች የድርጅቱን ፎልደር ኮፒ ከማድረግ በተጨማሪ ከፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን ባክአፕ ተጠቀሙ፣ ከዚያም በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሪስቶር አድርጋችሁ መከፈቱን እዩ። ይህን ሳታደርጉ ወደ ሌላው እርምጃ አትሂዱ።

ቀጥሎ ቢትሎከር፣ የዊንዶውሱ የዲስክ መቆለፊያ። ዲስኩ ተቆልፎ እንደሆነ ባለቤቱ ራሱ ብዙ ጊዜ አያውቅም። በተለይ ዊንዶውስ 11 ያለበት አዲስ ላፕቶፕ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈት ዲስኩን በራሱ ሊቆልፍ ይችላል። እንደተቆለፈ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ የራሱ ማስተካከያ) ውስጥ አንድ ነገር ብትቀይሩ ዊንዶውሱ ሲነሳ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቃችኋል፣ ቁልፉ ከሌለ ፋይሉም የለም። ስለዚህ ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ አረጋግጡ። ቢትሎከሩ በርቶ ከሆነ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ከዚያ ቢትሎከሩን አጥፉና መፍታቱን እስኪጨርስ ጠብቁ።

ሦስተኛው ፋስት ስታርትአፕ ነው፤ ይህቺ ነገር ናት ብዙ ሰው የምታስለቅሰው። ዊንዶውስ «ሻት ዳውን» ስትሉት በትክክል አይዘጋም፤ ቶሎ ለመነሳት ሲል የራሱን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ግማሽ እንቅልፍ ይተኛል። ያኔ በሚንት ገብታችሁ የዊንዶውሱን ፓርቲሽን ስትከፍቱ ወይ ማንበብ እንጂ መጻፍ አትችሉም ይላችኋል፣ ወይ ጭራሽ አይከፍትም። በጉልበት ጽፋችሁ ዊንዶውሱ ከእንቅልፉ ሲነቃ ደግሞ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ ከዚያ የፓወር ቁልፉ ምን እንደሚሠራ በሚወሰንበት ገጽ ላይ «ተርን ኦን ፋስት ስታርትአፕ» የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አንሱ። ኤስኤስዲ ላይ የፍጥነቱ ልዩነት ብዙም አይታወቃችሁም።

ከዚያ ቦታ መልቀቅ። ይህን ከሚንቱ ሳይሆን ከዊንዶውሱ ውስጥ እንድታደርጉት እመክራለሁ፤ ዊንዶውስ የራሱን ፓርቲሽን ራሱ ቢያሳንስ ይሻላል። ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ሲ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ «ሽሪንክ ቮልዩም»። እዚህ ላይ አንድ የሚያናድድ ነገር ሊገጥማችሁ ይችላል። ሲ ውስጥ 150 ጊጋባይት ባዶ እያለ ዊንዶውስ 20 ብቻ ነው የምለቀው ሊል ይችላል። ምክንያቱ ሊንቀሳቀሱ የማይችሉ ፋይሎች ናቸው፤ የሃይበርኔሽን ፋይሉ፣ ፔጅ ፋይሉ፣ የሲስተም ሪስቶር ነጥቦቹ ዲስኩ መሀል ላይ ተቀምጠው መንገድ ይዘጋሉ። ሦስቱንም ለጊዜው አጥፍታችሁ፣ ሪስታርት አድርጋችሁ እንደገና ሞክሩ። ብዙ ጊዜ ይለቃል። ስትጨርሱ ፔጅ ፋይሉንና ሪስቶሩን መልሳችሁ አብሩ።

እኔ የከፈልኩት እንዲህ ነው። ለዊንዶውስ ወደ 110 ጊጋባይት፣ ለሚንት 50፣ የቀረው ዲ ሆኖ የጋራ። ለሚንት 20 ጊጋባይት ዝቅተኛው ነው፣ ገንቢዎቹ የሚመክሩት 100 ነው፤ ሰነዶቹ ዲ ላይ ከተቀመጡ ግን 50 ይበቃል። ዲ በዊንዶውሱ ፋይል ሲስተም በኤንቲኤፍኤስ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ሚንት የዊንዶውስን ፋይል ሲስተም ያነባል፣ ይጽፋልም፤ ዊንዶውስ ግን የሚንትን ከነጭራሹ አያየውም። ዲ የአንድ ግቢ የጋራ ቧንቧ በሉት፣ ሁለቱም ተከራዮች ይቀዱበታል።

አንድ የቀረ አለ። አንዳንድ ላፕቶፖች ባዮስ ውስጥ ዲስካቸው ኢንቴል አርኤስቲ ወይም ሬይድ በሚባል አሠራር ላይ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ያኔ የሚንት ጫኚ «ዲስክ የለም» ይላችኋል። ኤኤችሲአይ ወደሚባለው አሠራር መቀየር አለበት፤ ዝም ብላችሁ ከቀየራችሁት ግን ዊንዶውሱ ሰማያዊ ስክሪን ያሳያችኋል። መጀመሪያ ዊንዶውሱን ሴፍ ሞድ ላይ እንዲነሳ አዝዛችሁ፣ ባዮሱን ቀይራችሁ፣ አንዴ በሴፍ ሞድ ካስገባችሁት በኋላ ወደ መደበኛው ትመልሱታላችሁ። የእኔው ኤሊትቡክ ይህ አልነበረበትም፤ አዲስ ዴል ወይም ሌኖቮ የያዘ ሰው ግን ቀድሞ ይየው።

ዳውንሎዱ ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል። በሞባይል ዳታ የምትኖሩ የሌሊት ፓኬጅ ይሻላችኋል። ከራሱ ከሚንት ድረ ገጽ ውጭ ከቴሌግራም ቻናል ወይም ከሰው ፍላሽ የተገኘ ኮፒ አትጠቀሙ፣ ከድረ ገጹ ያወረዳችሁትንም ቢሆን የማረጋገጫ ቁጥሩን አስተያዩ። ይህን የምለው ጥንቃቄ አብዝቼ አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 የሚንት ድረ ገጽ ተጠልፎ የዳውንሎድ ሊንኩ የኋላ በር የተደረገበት የ17.3 ሲናሞን ኮፒ ወዳለበት ተቀይሮ ነበር። ገንቢዎቹ ወዲያው ይፋ አወጡት፣ ያ ግልጽነታቸው ደስ ይለኛል፤ ያኔ ኮፒው የደረሰው ሰው ሊያውቅ ከሚችልባቸው መንገዶች አንዱ ግን ገንቢዎቹ ይፋ ካወጡት ቁጥር ጋር ማስተያየት ነበር። ሚንት የሚነሳበትን ፍላሽ ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም አዘጋጁ፤ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል።

ከሚንት በጣም የምወደው እዚህ ጋ ይመጣል። ከፍላሹ ሲነሳ ምንም ሳይጫን ሙሉ ዴስክቶፕ ይከፍትላችኋል። ዋይፋይ አገናኙ፣ ዘፈን አጫውቱ፣ የስክሪኑን ብርሃን ጨምሩ ቀንሱ፣ ካሜራውን ክፈቱ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ ክፈቱ። እዚህ የሠራ ነገር ከተጫነም በኋላ ይሠራል። የእኔ ላፕቶፕ የኢንቴል ዋይፋይ ስለሆነ ወዲያው ያዘ። ብሮድኮም ያለባቸው ላይይዙ ይችላሉ፤ ያኔ ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ ሰክታችሁ ቴዘሪንግ ክፈቱና ድራይቨር ማኔጀር የሚለውን አስነሱት፣ የጎደለውን ራሱ ያመጣዋል።

ጫኚው ውስጥ ወሳኝ የሆነው ገጽ አንድ ነው። ሦስት ምርጫ ያሳያችኋል። «ኢንስቶል ሊኑክስ ሚንት አሎንግሳይድ ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር» የሚለው ጎን ለጎን የሚጭነው ነው። «ኢሬዝ ዲስክ» የሚለው ዲስኩን በሙሉ ጠርጎ ሚንትን ብቻ የሚያስቀምጥ ነው። «ሰምቲንግ ኤልስ» ደግሞ ሁሉን በእጃችሁ የምትወስኑበት ነው። የአክስቴ ልጅ ሁለቱንም አብራችሁ ጫኑልኝ ብሎ ላፕቶፑን ለአንድ ጥገና ቤት ሰጠ። የጥገና ቤቱ ሠራተኛ ሁለተኛዋን ተጭኖ የመመረቂያ ጽሑፉን ረቂቅና የዩኒቨርሲቲ ፎቶዎቹን ጠራርጎ፣ ከዚያ በላዩ ላይ ዊንዶውስን አዲስ ጭኖ መለሰለት፤ ሲጠየቅም «ፎርማት ሳይደረግ አይሆንም» አለ። ይሆናል! ፎርማት ሳይደረግ እንዲሆን ተብሎ ነው ያ ምርጫ የተሠራው። ለባለሙያ ከሰጣችሁም አጠገቡ ቁሙና የትኛውን እንደሚመርጥ እዩ።

የመጀመሪያው ምርጫ ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው። «ሰምቲንግ ኤልስ» የምትመርጡ፣ የለቀቃችሁትን ባዶ ቦታ ይዛችሁ በሊኑክሱ ፋይል ሲስተም በኤክስት4 ሩት (የሚንቱ ዋና ቦታ) አድርጉት፤ የኢኤፍአይ ፓርቲሽኑን ግን ፎርማት እንዳታደርጉ። የዊንዶውሱ ማስነሻ ያለው እዚያች ትንሽ ፓርቲሽን ውስጥ ነው፣ ሚንትም የራሱን እዚያው ይጨምራል እንጂ የነበረውን አያጠፋም። የቪዲዮ ኮዴክ ይጫን ወይ ሲላችሁ አዎ ካላችሁና ሴኪዩር ቡት (ያልተረጋገጠ ነገር እንዳይነሳ የሚከለክለው ባዮስ ውስጥ ያለው ጥበቃ) በርቶ ከሆነ የሚስጥር ቃል ያስመርጣችኋል። ያንን ቃል ያዙት፤ ሪስታርት ሲያደርግ ሰማያዊ ገጽ መጥቶ ይጠይቃችኋል። መብራት ነገር ደግሞ አለ። ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ የደከመ ባትሪ ያለው ሰው ዩፒኤስ ያለበት ቦታ ሄዶ ይጫን። ፓርቲሽን እየተቀየረ መብራት ቢሄድ ሁለቱንም ልታጡ ትችላላችሁ።

ጭነቱ አለቀ፣ ሪስታርት አደረገ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ዊንዶውስ ገባ። አትደንግጡ። ኤችፒዎች ይህ ልማድ አላቸው፤ ዊንዶውሱን ከፊት ያስቀድማሉ። ስታበሩት ኤፍ9 ተጫኑ (ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12 ነው)፣ ዝርዝር ይመጣል። እዚያ ውስጥ «ሚንት» የሚል አትፈልጉ፤ «ኡቡንቱ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። እሱን ስትመርጡ ጥቁሩ የግራብ ገጽ (የሲስተም መምረጫው) ይመጣል፣ ከላይ ሚንት፣ ወረድ ብሎ ዊንዶውስ። ከዚያ ባዮስ ገብታችሁ የማስነሻ ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ። ሚንትን እንደዚህ ዓይነት ነገር ላይ እወቅሰዋለሁ፤ ጫኚው ሲጨርስ አንድ መስመር ማሳሰቢያ ቢጽፍ ስንት ሰው «አልተጫነም» ብሎ ተስፋ ከመቁረጥ ይድን ነበር።

ሰዓቱም ያው። ዊንዶውስ የላፕቶፑን የውስጥ ሰዓት እንደ አካባቢ ሰዓት ያነበዋል፣ ሊኑክስ ደግሞ እንደ ዓለም አቀፍ ሰዓት። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ከሚንት ወጥታችሁ ዊንዶውስ ስትገቡ ሰዓቱ ልክ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ታገኙታላችሁ። ኢንተርኔት ያለው ዊንዶውስ ቆይቶ ራሱን ያስተካክላል። እንደ እኔው ከኢንተርኔት የተላቀቀው ግን እንደተሳሳተ ይቀራል፤ ከዚያ ዲ ላይ ካሉት ሁለት የኤክሴል ፋይሎች የትኛው የኋለኛው እንደሆነ ስትፈልጉ ሰዓቱ ያታልላችኋል። መፍትሔው ሚንት ላይ ታይምዴትሲቲኤል በሚባለው ትዕዛዝ የውስጡን ሰዓት እንደ አካባቢ ሰዓት እንዲቆጥረው ማድረግ ነው። አንድ መስመር ናት፣ አንዴ ከጻፋችኋት ትረሷታላችሁ።

አሁን ኑሮው። ላፕቶፑ በግልጽ ቀሎታል። ሚንት ተነስቶ ዝም ብሎ ሲቀመጥ የሚይዘው ራም ከ1 ጊጋባይት ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ በ8 ጊጋባይት ራም ብራውዘር ላይ ብዙ ገጽ ከፍቼ፣ ቴሌግራም ከፍቼ፣ ሊብሬኦፊስ ከፍቼ ፋኑ አይጮህም። አፕዴት ላይ ደግሞ የልቤን ነው ያደረሰው። ታች ጥግ ላይ ጋሻ ምልክት አለች፤ አዲስ ነገር ሲኖር ታሳውቃለች፣ እናንተ ጫን ሳትሉ ግን አይጭንም። ስንት ሜጋባይት እንደሚወርድ ከፊት ያሳያል። ፓኬጅ እየገዛ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፕሮግራም ስትጭኑም ሶፍትዌር ማኔጀሩ ውስጥ አንዱ ፕሮግራም በሁለት መልክ ሊቀርብላችሁ ይችላል፣ «ሲስተም ፓኬጅ» እና «ፍላትፓክ»። ፍላትፓኩ ብዙ ጊዜ አዲሱ ስሪት ነው፣ ግን አብሮት የሚወርደው ጓዝ ብዙ መቶ ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። የግድ ካልሆነ ሲስተም ፓኬጁን ምረጡ።

ፍላሽ ላይ ያለው ጥቅም ብቻውን ሚንትን ያስጭናል። ፎቶኮፒ ቤት ገብቶ የወጣ ፍላሽ ምን ሆኖ እንደሚመለስ ታውቃላችሁ፤ ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተቀይረው፣ ስትጫኗቸው ቫይረሱን ወደ ላፕቶፑ የሚያስገቡ። ሚንት ላይ ይህን ፍላሽ ስትሰኩት ሾርትከቶቹ ከእውነተኞቹ ፎልደሮች አጠገብ ተደርድረው ይታያሉ፣ ምክንያቱም ቫይረሱ ዋናዎቹን የሚደብቀው በዊንዶውስ የመደበቂያ ምልክት ነው፣ ሚንት ደግሞ ያንን ምልክት አይከተልም። አንዳንዴ ዋናዎቹ ስም የሌለው የሚመስል ፎልደር ውስጥ ተከተው ታገኟቸዋላችሁ፣ እሱም ይከፈታል። ሾርትከቱን አጥፍቼ፣ የምፈልገውን ሰነድ ብቻ ዲ ላይ ኮፒ አድርጌ፣ ከዚያ ነው ዊንዶውስ የሚያየው። ደንበኞቼ የሚያመጡት ፍላሽ ቀጥታ ዊንዶውስ ላይ አይሰካም።

አማርኛ መጻፍ ላይ ሚንት ሥራ ይቀረዋል። ማንበቡ አላስቸገረኝም። ለመጻፍ ግን አይበስና ኤም17ኤን የሚባሉትን ጭናችሁ፣ ኢንፑት ሜተድ ውስጥ አስተካክላችሁ፣ ወጥታችሁ ገብታችሁ፣ ከዚያ አማርኛ «ሴራ» የሚለውን ማከል አለባችሁ። ከሠራ በኋላ ጥሩ ነው፤ በድምፁ ነው የሚጻፈው፣ ስልክ ላይ እንደለመድነው። ኪማንም ለሊኑክስ አለው፣ ዊንዶውስ ላይ ኪማን የለመደ ሰው እሱን ቢጭን ይቀለዋል። ኒያላ ፎንት የማይክሮሶፍት ስለሆነ ሚንት ላይ የለም፤ በኒያላ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላ ፎንት ሲከፈት መስመሩ ይንሸራተታል፣ ሁለት ገጽ የነበረው ሦስት ሊሆን ይችላል። ማኅተም የሚያርፍበት ደብዳቤ ከሆነ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩ።

ፕሪንተር ላይ ኤችፒ ከሆነ አብዛኛው ወዲያው ይያዛል። በየቢሮው ያለችው ሌዘርጄት ፒ1102 ግን ተጨማሪ ፕለጊን ታስወርዳለች፣ ስለዚህ መጀመሪያ ስትሰኳት ኢንተርኔት ይኑር። የጣት አሻራ ማንበቢያው ሚንት ላይ አልሠራልኝም። ለእኔ ግድ አይሰጠኝም፣ የለመደበት ሰው ግን ይወቀው።

ዊንዶውሳቸውን ኢንተርኔት ላይ ለሚያቆዩ አንድ ማስጠንቀቂያ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 የወጣ የዊንዶውስ የደህንነት አፕዴት ሁለቱን አብረው የሚጠቀሙ ብዙ ሰዎች ሊኑክሳቸው «ሴኪዩሪቲ ፖሊሲ ቫዮሌሽን» ብሎ እንዲቆም አድርጎ ነበር። አፕዴቱ ሁለት ሲስተም ያላቸውን እንዳይነካ የታሰበ ቢሆንም ነካቸው። ፋይል አልጠፋም፣ ማስነሻው ብቻ ነው የተዘጋው፤ ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው አጥፍቶ መግባት ይቻል ነበር። ስለዚህ ሚንት የጫናችሁበትን ፍላሽ ለሌላ ነገር አታውሉት፣ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። ታይምሺፍት የሚባለውንም በመጀመሪያው ቀን አብሩት፤ ሚንቱ ቢበላሽ ወደ ደህናው ቀን ይመልሳችኋል። የግል ሰነዶቻችሁን ግን ካላዘዛችሁት በቀር አይዝም፣ የሚያስቀምጠው ሲስተሙን ነው።

ሚንትን ካልወደዳችሁት መውጫው ቀላል ነው፣ ቅደም ተከተሉን ብቻ ጠብቁ። መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ ዊንዶውስ ቡት ማኔጀርን ከላይ አድርጉ፣ ዊንዶውሱ መነሳቱን እዩ፣ ከዚያ ነው የሚንቱን ፓርቲሽን ከዲስክ ማኔጅመንት የምታጠፉት። በተቃራኒው ብታደርጉት ላፕቶፑ ስትከፍቱት የግራብ ጥቁር መስመር ላይ ይቆማል።

ሚንት ላይ ሆኖ ሌላ ኮምፒውተር አስመስሎ በሚከፍተው ቨርቹዋልቦክስ ውስጥ ዊንዶውስን ብጭንስ የሚል ሰው አለ። 16 ጊጋባይት ራም ካለው እስማማለሁ፣ ማጥፋት ማብራት የለበትም። 8 ላይ ግን ራሙ ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱም ይንፈራፈራሉ። 128 ጊጋባይት ዲስክ ብቻ ላለው ደግሞ ሁለቱን አብሮ ማኖር አልመክርም፤ ወይ ዲስኩን ይቀይር፣ ወይ አንዱን ይምረጥ። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ የያዘም አይንካው፣ የአይቲ ክፍሉን ይጠይቅ። ቀኑን ሙሉ አውቶካድ ላይ የሚውል ሰውም እንዲሁ ዊንዶውሱ ላይ ይቆይ፤ በየሰዓቱ ሪስታርት ማድረግ ያሰለቻል።

የትኛውን ላውርድ ለምትሉ፦ 8 ጊጋባይት ራም ካላችሁ ሲናሞን፣ 4 ከሆነ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለው እትም። ከ22ኛው ትውልድ የመጨረሻውን አውርዱ፤ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ አፕዴቱ ይመጣላችኋል።